እርሳስ፣ ኢንክ ወይስ የውሃ ቀለም? የዱር ወፍ ለመሳል የቱን እንያዝ

ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ከሚጸዳበት ቦታ ዳር የሚገተር አባ ኮዳ ካለበት ሳይነቃነቅ ረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው እሬት አበባ ላይ የሚመላለሰው፣ ስሙን ከተከዜ ወንዝ ያገኘው ታካዜ ሰንበርድ ግን አንድ አበባ ላይ ጥቂት ሰከንድ ከቆየ ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱንም በአንድ መሣሪያ እስላለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ቢያንስ በአንዱ ተበሳጭቶ ይመለሳል። «የቱ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ወፉ ነው፤ የሠዓሊው ምርጫ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ወፉ ምን ያህል ይቆማል? ከሩቅ የምታውቁት በምኑ ነው፤ በቅርጹ፣ በጥለቱ ወይስ በቀለሙ? ሥራውን የምትጨርሱት እዚያው ነው ወይስ ቤት ገብታችሁ? ለማይረጋጋ ወፍና በቅርጹ ብቻ ለሚታወቅ ወፍ እርሳስ ያዙ። ጥቁርና ነጭ ጥለቱ ለሚለየው ኢንክ ይሻላል። ቀለሙ ከተወሰደበት ማንነቱ ለሚጠፋ ወፍ ደግሞ የውሃ ቀለም ግድ ነው። የተቀረው ዝርዝር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ዝርዝሩ ላይ ነው።

እርሳስ

ለጀማሪ እርሳስ የሚመከረው ርካሽ ስለሆነ ይመስላል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፦ ከሦስቱ መካከል በግማሽ የቀረን መስመር ሳያበላሽ የሚተው እርሳስ ብቻ ነው። ወፍ ደግሞ ሁልጊዜ በግማሽ ያስቀራችኋል።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። አንድ 2ቢ ለአብዛኛው ሥራ፣ አንድ 4ቢ ወይም 6ቢ ለጨለማው ክፍል (ከቢ ፊት ያለው ቁጥር ሲጨምር እርሳሱ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራልም)። ኤች ቢ የሚጠቅመው ከላዩ የውሃ ቀለም ሊቀባ ከሆነ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ጥላው ስለሚገረጣ እጅ ሳያውቀው ይጫናል፣ ወረቀቱም ይጎደጉዳል። በመቅረጫ ሥራ መፍታት የማይፈልግ ሰው ተጭኖ የሚወጣ እርሳስ ሊይዝ ይችላል፤ ነገር ግን 0.5 ሚሊሜትሩ ሜዳ ላይ ቶሎ ቶሎ ይሰበራል። 0.7 ሆኖ ውስጡ 2ቢ ሲገባበት ይሻላል። ላጲስ የሚታሸውን ዓይነት ምረጡ፤ ሳይፈገፍግ እየተጫነ ያነሳል፣ ፍርፋሪም የለውም። ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 160 ግራም ያለው፣ በጣም ያልለሰለሰ ይሁን። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለልምምድ በቂ ነው፤ 6ቢ ሲደርስበት ግን ወዲያው ይወዛል፣ ተጨማሪ ጥላም አይቀበልም።

አሠራሩ ላይ የምናየው ትልቁ ስህተት ከምንቃር ወይም ከዓይን መጀመር ነው። ምንቃሩ በጥንቃቄ አልቆ ወደ አካሉ ሲወረድ ወፉ አቋሙን ቀይሯል፤ ከዚያ በኋላ የሚሳለው በግምት ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ አንድ መስመር ብቻ፦ ከራስ እስከ ጭራ ያለው የአካሉ ዘንበል። ቀጥሎ በዚያ መስመር ላይ የእንቁላል ቅርጽ። ከዚያ የራሱ ክብ፣ መጠኑ ከአካሉ ጋር ተነጻጽሮ፤ ራሱን እንደ መለኪያ ወስዳችሁ አካሉ ስንት ራስ እንደሚሆን፣ ምንቃሩም ከራሱ ርዝመት ምን ያህሉ እንደሆነ ቁጠሩ። ከዚያ የክንፉ ጫፍ ጭራው ላይ የት ድረስ እንደሚደርስ። እግር መጨረሻ ይመጣል። ይህ ሁሉ ከግማሽ ደቂቃ በላይ መውሰድ የለበትም።

እግር ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው የወፍ ሥዕል የሚወድቀው እዚያ ነውና። ወደ ኋላ የሚታጠፈውና «ጉልበት» የምንለው መገጣጠሚያ ቁርጭምጭሚቱ ነው። እውነተኛው ጉልበት ላባ ውስጥ ተሸፍኖ፣ ከሆዱ አጠገብ ወደ ፊት ይታጠፋል። ስለዚህ እግሩ ከጭራው ሥር የበቀለ ሆኖ ሲሳል ወፉ በአፍጢሙ ሊደፋ የደረሰ ይመስላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከአካሉ ክብደት መሐል ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች አውርዱ፤ ወፉ በሁለት እግሩ ከቆመ መስመሩ በእግር ጣቶቹ መካከል ማረፍ አለበት፣ በአንድ እግሩ ከቆመ ደግሞ በዚያው እግር ጣቶች ላይ። አሞራ ገደል ላይ ብዙ የምታዩት በአንድ እግር የቆመውን ስለሆነ ይህን አትዘንጉ።

ዓይን ሁለተኛው ወጥመድ ነው። የሁለቱ መንጋጋዎች መገናኛ መስመር ወደ ኋላ ሲቀጠል ብዙውን ጊዜ ከዓይኑ ሥር ያልፋል ወይም ዓይኑን ሊነካ ይቀርባል። ዓይኑን ከዚህ በጣም ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ወፉን የካርቱን መልክ ይሰጠዋል።

ወፉ ሲዞርስ? አንድ ገጽ ላይ አራት አምስት ንድፍ ጀምሩ። ወፍ የሚወዳቸውን አቋሞች ደጋግሞ ይመለስባቸዋል፦ ላባውን ሲያጸዳ፣ ጎንበስ ሲል፣ አንገቱን ሲሰበስብ። ሲዞር ወደ ሌላው ንድፍ ተሻገሩ፣ ሲመለስ እናንተም ተመለሱ። በኢንክ ይህን ማድረግ ይቻላል ግን ገጹ ይጨናነቃል፤ በውሃ ቀለም ደግሞ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን መንካት አይቻልም።

ለእርሳስ የተፈጠረ የሚባል ወፍ ካለ ራሱ መዶሻ የሚመስለው ሐመርኮፕ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በቀላሉ ይገኛል፣ ሰውም ብዙ አይፈራም፣ ከራስ እስከ እግር ቡናማ ነው። የሚለየው በጥላ ምስሉ ብቻ ስለሆነ ቀለም ምንም አይጨምርለትም።

የእርሳስ ጉድለት ሁለት ነው። አንደኛው መዝረክረክ፦ ደብተር ሲከደን ፊት ለፊት ያሉ ገጾች ይፋተጋሉ። ወይ በአንድ ገጽ ብቻ ሥሩ፣ ወይ በየመሐሉ ቀጭን ወረቀት አስገቡ፣ ወይ ቤት ስትገቡ ፊክሳቲቭ (እርሳሱን ወረቀቱ ላይ የሚያስይዝ የሚረጭ ፈሳሽ) ንፉበት፤ መስኮት ተከፍቶ፣ ከ30 ሴንቲሜትር ያህል ርቀት፣ በስሱ ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ጉድለት ብልጭታው ነው፤ እሱን ቁራው ጋ እናነሳዋለን።

ኢንክ

ኢንክ ሲባል አንድ ነገር አይደለም፤ ምርጫው እዚሁ ውስጥም አለ።

ፋይንላይነር፣ ባለ ቀጭን ጫፉ ብዕር፣ ብዙ ሰው የሚጀምርበት ነው። 0.1፣ 0.3 እና 0.5 ሚሊሜትር ቢኖር በቂ ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነ 0.3። «ፒግመንት» ተብሎ የተጻፈበትን ምረጡ፤ ሲደርቅ ውሃ አይፈታውም፣ ፀሐይም ቶሎ አያደበዝዘውም። ጫፉ ግን ስስ ነው። ሻካራ የውሃ ቀለም ወረቀት ላይ ቶሎ ይበላል፣ ወፍራም እርሳስ በተቀባ ቦታ ላይ ሲሄድም ግራፋይቱ ይደፍነዋል።

ተራ እስክሪብቶ ሰው ይንቀዋል። ያለ አግባብ ነው። ኳሱ ሲጫኑት ይጠቁራል፣ ሲያቀሉት ይገረጣል፤ ስለዚህ ከኢንክ ሁሉ ለእርሳስ የቀረበ ነው። ውሃም ብዙ አያበላሸውም። ችግሩ ሁለት ነው፦ ጫፉ ላይ የሚጠራቀም ጠብታ ወረቀቱ ላይ ይቀራል (ጎን ላይ ቁራጭ ወረቀት ይዞ በየጊዜው መጥረግ ነው)፣ ቀለሙም ብርሃን አይችልም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥራ በእስክሪብቶ አይሠራም፤ ለደብተር ግን እንከን የለውም።

ፋውንቴን ፔን ወይም እየተነከረ የሚሠራበት ባለ ብረት ጫፍ ብዕር መስመሩን ወፍራምና ቀጭን ያደርጋል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሼላክ (እንደ ቫርኒሽ የሚደርቅ ሙጫ) ያለበትን ጥቁር ኢንክ ፋውንቴን ፔን ውስጥ በፍጹም አትሙሉ። ውስጡ ከደረቀ አይወጣም፣ ብዕሩም ያልቃል። እሱ የሚነከረው ብዕር ቀለም ነው። የብራና ጸሐፍት የሚጠቀሙበት የመቃ ብዕርም ለወፍ ሥዕል እጅግ ያማረ መስመር ይሰጣል፤ ጫፉ ሲደርቅ የሚያወጣው የተሰባበረ መስመር ለጥንብ አንሳ አንገት ለስላሳ ላባ ልክ ነው። አንድ ጊዜ ተነክሮ የሚሄደው አጭር ስለሆነ ግን ጠረጴዛ ላይ እንጂ ሐይቅ ዳር ቆሞ አይመችም።

የትኛውንም ብትይዙ ከላዩ የውሃ ቀለም ለመቀባት ካሰባችሁ በዚያው ወረቀት ጠርዝ ላይ ሦስት መስመር አስምሩ፤ አንዱን ወዲያው፣ አንዱን ከአንድ ደቂቃ በኋላ፣ አንዱን ከአምስት ደቂቃ በኋላ በእርጥብ ብሩሽ ንኩ። «ውኃ አይነካውም» የተባለ ኢንክ ሁሉ እስኪደርቅ ድረስ ውሃ ይነካዋል፤ ወረቀቱ ሲወፍርና ሲለሰልስ ደግሞ መድረቂያው ይረዝማል።

ኢንክ የሚያሸንፍበት ቦታ ጥለት ነው። ባቱና ሐዋሳ ላይ ከውሃው በላይ በአየር ላይ ቆሞ ክንፉን የሚያርገበግበው ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ፣ ፓይድ ኪንግፊሸር፣ ለብዕር ተስማሚ ነው። ወንዱ ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት አለው፣ ሴቷ አንድ ብቻ፣ እሱም መሐሉ ላይ የተቆረጠ። ይህን ልዩነት በእርሳስ ግራጫ ለማሳየት መድከም የለባችሁም፤ በ0.5 አንድ ጊዜ ማጥቆር ነው።

ጅግራ ግን ታታልላለች። ጥለት አላት፣ ጥቁርና ነጭ ናት፣ ስለዚህ ለኢንክ ትመስላለች። ነገር ግን ነጩ ነጥብ ነው፣ ጥቁሩ ሜዳው። በብዕር ነጥቦቹን እያለፉ መሐል ለመሐል ማጥቆር ማለቂያ የለውም፣ ነጥቦቹም መጠናቸው ይዛነፋል። የሚሻለው አካሏን በጥቁር ግራጫ የውሃ ቀለም ሸፍኖ፣ ሲደርቅ ነጥቦቹን በነጭ ጄል እስክሪብቶ ወይም በነጭ ጓሽ (ከሥሩ ያለውን የሚሸፍን ወፍራም የውሃ ቀለም) ማስቀመጥ ነው። ነጥቦቹ የላባውን ረድፍ ተከትለው ይዙሩ፤ ደረት ላይ ያነሱ፣ ጎን ላይ ያደጉ ይሁኑ። በቀጥታ መስመር ከተደረደሩ አካሏ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ለጀማሪ በኢንክ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ ያው ነው፦ ወፉ ዙሪያውን ባልተቋረጠ መስመር ይታጠርና ከቆርቆሮ የተቆረጠ ይመስላል። መስመሩን ብርሃን በሚመታው ጎን አቋርጡት፤ ጀርባው ላይ ክፍት ይሁን፣ ሆዱ ሥር ይወፍር። ላባውንም አንድ በአንድ አትቁጠሩ። ክንፍ ላይ ትልልቆቹን የበረራ ላባዎች በግልጽ፣ ከእነሱ በላይ የሚደራረቡትን የሽፋን ላባ ረድፎች በጠርዛቸው ብቻ፣ ደረትና ሆድን ደግሞ ላባው በሚተኛበት አቅጣጫ በጣት በሚቆጠሩ አጫጭር መስመሮች። ዓይን የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

የውሃ ቀለም

ዕቃው ሜዳ ላይ የሚያስቸግር መስሎ ሰው ይፈራዋል። በእርግጥ የሚያስቸግረው ወረቀቱ ነው። ከ200 ግራም በታች የሆነ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል፣ ቀለሙም በሸለቆው ውስጥ ኩሬ ይሠራል። 300 ግራም ያዙ፤ አነስ ያለ፣ ኤ5 ያህል። ከጥጥ የተሠራው ወረቀት ዋጋው ከበድ ይላል፤ ልዩነቱ ግን የሚታይ ነው፦ የመጀመሪያው ዙር ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚይዝ ሁለተኛው ዙር ሲቀባ አይነሳም። ከእንጨት የተሠራው ላይ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን እየፈታ ያጨቀየዋል። ገንዘብ የምታወጡበትን አንድ ነገር ምረጡ ከተባለ ወረቀቱን ምረጡ፤ ቀለሙ መካከለኛ ሊሆን ይችላል፣ ብሩሹም እንዲሁ።

ቀለም ሰባት ይበቃል፦ ሌመን ቢጫ፣ የሎው ኦከር፣ በርንት ሲዬና፣ በርንት አምበር፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ታሎ ሰማያዊ፣ ኩዊናክሪዶን ሮዝ። ጥቁር አያስፈልግም። አልትራማሪን ከበርንት ሲዬና ጋር ሲደባለቅ ለወፍ ላባ የሚሆነውን ግራጫ ሁሉ ይሰጣል፤ ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል፣ ቡናማው ሲበዛ ይሞቃል። ስትገዙ ቱቦው ላይ ያለውን የፒግመንት ኮድ አንብቡ። አሊዛሪን ክሪምሰን ተብሎ ኮዱ ፒአር 83 የሆነው ቀይ በብርሃን ይጠፋል፤ በምትኩ ፒቪ 19 ውሰዱ። ለፍላሚንጎ ሲባል የሚገዛው ደማቅ ሮዝም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ይገረጣል።

ብሩሽ ክብ ቁጥር 8 እና ቁጥር 2። ቁጥር 8 ጫፉ ቢሾል አብዛኛውን ይጨርሳል። በእጀታው ውሃ የሚይዘው ብሩሽ ለመንገድ ይመቻል፤ ነገር ግን ውሃ ያለማቋረጥ ስለሚሰጥ ድፍን ጥቁር ለማግኘት ያስቸግራል። ለአባ ኮዳ ጀርባ እሱን አትመኑት።

በቅርብ እንየው፤ ለዚህ የሚሆነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በየሐይቁ ዳር ባሉ ማረፊያዎች ጠረጴዛ ሥር ፍርፋሪ የሚለቅመው ሱፐርብ ስታርሊንግ ነው። ጀርባው አረንጓዴ ያዘለ አንጸባራቂ ሰማያዊ፣ ሆዱ የጡብ ቀለም፣ በሁለቱ መካከል ደረቱ ላይ ቀጭን ነጭ መቀነት፣ ራሱ ጥቁር፣ ዓይኑ ነጣ ያለ።

ንድፉን በኤች ቢ ሳትጫኑ አውጡ። ነጩን መቀነት በሁለት መስመር ለዩት፤ እሱ ወረቀቱ ራሱ ነው፣ ምንም አይነካውም። መጀመሪያ ጀርባውን በታሎ ሰማያዊና በጥቂት ሌመን ቢጫ በተሠራ ቀጭን ቀለም ሸፍኑ፣ ትከሻው ላይ ብርሃን የሚያርፍበትን ትንሽ ቦታ ሳትነኩ። ገና እርጥብ ሳለ ማጅራቱ አካባቢ አልትራማሪን ጣል አድርጉ፤ ራሱ ይሰራጭ፣ አትከተሉት። የላባ ብልጭታ የሚገኘው ሁለት ሰማያዊ ወረቀቱ ላይ ሲገናኙ ነው፤ ሳህን ላይ ከደባለቃችኋቸው አንድ የሞተ ቀለም ይሆናሉ። ከዚያ ጠብቁ። መድረቁን ለማወቅ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉ፤ ከቀዘቀዘ አልደረቀም። ሲደርቅ ሆዱን በበርንት ሲዬናና በትንሽ ኦከር ቅቡ፣ ከሥሩ እየጠቆረ። ሰማያዊው ሳይደርቅ ይህን ካደረጋችሁ ሁለቱ መቀነቱን ተሻግረው ይገናኛሉ፤ ሰማያዊና ብርቱካናማ ሲገናኙ የሚወጣው ጭቃ ነው፣ መመለሻም የለውም። ራሱን በአልትራማሪንና በበርንት አምበር ድፍን ድብልቅ ጨርሱ፣ የዓይኑን ቀለበት ባዶ ትታችሁ። ክንፉ ላይ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦችና ብሌኑ በቁጥር 2 ብሩሽ መጨረሻ ይገባሉ።

የሚበላሸው ምኑ ነው? አንደኛ፣ ግማሽ በደረቀ ቀለም ላይ እርጥብ ብሩሽ መመለስ። ውሃው የደረቀውን እየገፋ ጠርዙ የተበጣጠሰ ነጭ ክበብ ይሠራል። መፍትሔው አንድ ነው፤ ወይ ጨርሶ እርጥብ ሳለ ግቡ፣ ወይ ጨርሶ ይድረቅ። ሁለተኛ፣ ሲደርቅ መግረጣቱን መርሳት። እርጥብ ሳለ ልክ የመሰለው ሲደርቅ ደካማ ነው፤ ከዚያው ወረቀት ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ሦስተኛ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ መሥራት። ነጩ ወረቀት ስለሚያበራ ሁሉም ነገር ደማቅ ይመስላችሁና ከሚገባው በላይ ታጠቁራላችሁ፤ ቤት ሲገባ ሥዕሉ ጨለማ ሆኖ ይገኛል። ወረቀቱ ጥላ ውስጥ ይሁን።

በበጋ ደረቅ አየር ቀለሙ ከምትፈልጉት ቀድሞ ይደርቃል። ወረቀቱን በሁለቱም ጎን አርጥቡ፣ ሥዕሉንም አሳንሱ። እንግሊዝ አገር በተሠራ ቪዲዮ ላይ «አሥር ደቂቃ ጊዜ አላችሁ» ሲባል እንጦጦ ላይ በታኅሣሥ ሁለት ደቂቃም ላይሞላ ይችላል።

ነጭ ወፍ ላይ ቀለም ሊቀባ የተዘጋጀ ሰው ሥራ ያጣል። ባቱ ላይ የምታዩት ነጭ ፔሊካን የሚሳለው ከዙሪያው ነው፦ ውሃውን ወይም ሸንበቆውን ከጀርባው ስትቀቡ ነጩ ይወጣል። ሆዱ ሥር ያለው ጥላ ከውሃው የሚመለሰውን ብርሃን ስለሚቀበል ሰማያዊ ግራጫ ብቻ አይደለም፤ ኦከር ጠብታ ጨምሩበት።

አንድ ቁራ በሦስቱም

እንጦጦ ላይ የሚገኘው ምንቃረ ወፍራም ቁራ ሦስቱን መሣሪያዎች ጎን ለጎን ለመመዘን የሚሻል ወፍ ነው። ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ማጅራቱ ላይና ምንቃሩ ጫፍ ላይ ነጭ አለው፣ ምንቃሩም ቅርጹ ብቻውን የሚበቃ ነው።

በእርሳስ፦ ምንቃሩና ራሱ ግሩም ይወጣሉ። ጥቁሩ ግን አይመጣም። 6ቢ እየተጫነ ሲሄድ ግራፋይቱ ይጠፈጠፍና ብርሃን ይመልሳል፤ ከጎን ሲያዩት ከግራጫው የባሰ ነጣ ብሎ ይታያል። በጣም የጨለመውን ክፍል አስቀድሞ በጥቁር ከለር እርሳስ ማስያዝ ይቻላል። ከተጠፈጠፈው ግራፋይት በላይ ከሆነ ግን ከለሩ እየተንሸራተተ ጥሩ አይዝም።

በኢንክ፦ ጥቁሩ ወዲያው ይገኛል፤ አደጋው ወፉ ወረቀቱ ላይ የተቀደደ ጉድጓድ መምሰሉ ነው። ከማጥቆራችሁ በፊት ሦስት ቦታ በስስ እርሳስ ከልሉ፦ የምንቃሩ ጀርባ፣ ትከሻው፣ የታጠፈው ክንፍ ረጅም ላባዎች ጠርዝ። እነዚህ ሳይነኩ ይቅሩ።

በውሃ ቀለም፦ ከነጮቹ በስተቀር መላ አካሉን በቀጭን ሰማያዊ ሸፍኑ። ሲደርቅ አልትራማሪን ሁለት እጅ፣ በርንት አምበር አንድ እጅ አደባልቃችሁ በድፍኑ ሦስት አራተኛውን ሸፍኑ፤ ያልተሸፈነው ሰማያዊ ላባው ላይ ያረፈ የሰማይ ብርሃን ሆኖ ይነበባል። ሁለት ዙር ይበቃል። ሦስተኛው ዙር የመጀመሪያውን ብልጭታ ያደበዝዘዋል።

እኛ ለቁራ የውሃ ቀለሙን እንመርጣለን፤ ጊዜ ከሌለ ኢንኩን። እርሳሱ ሦስተኛ ነው።

ሲቀላቀሉ

አብዛኛው ልምድ ያለው ሰው የሚሠራው በድብልቅ ነው፤ የሚያከራክረው ቅደም ተከተሉ ነው። እርሳስ ከሥር የውሃ ቀለም ከላይ ሲሆን ማወቅ ያለባችሁ፣ ቀለም ካረፈበት በኋላ እርሳሱ በላጲስ አይነሳም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለቢጫና ለነጭ ወፍ ንድፉ በጣም ስስ ይሁን።

ኢንክ መጀመሪያ ወይስ ቀለም መጀመሪያ? ኢንክ ቀድሞ ከሆነ ቀለሙ አጥር ውስጥ እንደሚሞላ ይሆናል፤ ንጹሕ ነው ግን የሕፃናት መጽሐፍ ይመስላል። ቀለሙ ቀድሞ ልቅ ሆኖ ተቀምጦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ብዕሩ የሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ (ዓይን፣ የምንቃር መስመር፣ ጥፍር፣ የክንፍ ጫፍ) ሲገባ ወፉ ሕይወት ይኖረዋል። ሜዳ ላይ ጊዜ ሲያጥር ግን የመጀመሪያው ይሻላል፤ ወፉ ቢበር እንኳ መስመሩ እጃችሁ ላይ ቀርቷልና።

ቀለሙን በፎቶ እጨርሰዋለሁ የምትሉ፣ ስልክ ጥቁር ላባን ድፍን፣ ነጩን ደግሞ የተቃጠለ እንደሚያደርግ እወቁ። አሜሪካዊው የወፍ ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ እ.ኤ.አ. በ1926 እና 1927 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ባሰማራው ጉዞ ኢትዮጵያ ሲመጣ ወፎች የሚጠኑት ተገድለው ነበር። ላባው ለዓመታት ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል፤ የዓይን፣ የምንቃር፣ የእግርና የፊት ቆዳ ቀለም ግን ወፉ እንደሞተ ይጠፋል። ስለዚህ እነዚያ ቀለሞች ወዲያው መመዝገብ ነበረባቸው። ያ ልማድ ለእኛም ይሠራል፦ ሁለት ደቂቃ ብቻ ካላችሁ ንድፉን በእርሳስ አውጡና የውሃ ቀለሙን በእነዚህ አራት ቦታዎች ላይ ብቻ አውሉት። የላባውን ከመጽሐፍ ማየት ይቻላል። አባ ኮዳ እግር ላይ ይህ በግልጽ ይታያል፤ ሙቀት ለመቀነስ የራሱን ኩስ እግሩ ላይ ስለሚለቅ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ ግን ጥቁር ግራጫ ነው። ነጭ አድርጎ ብቻ የሚቀባ ሰው ያን የተላጠ፣ የተንጠባጠበ መልክ ያጣዋል። መጀመሪያ ግራጫውን ቅቡ፣ ሲደርቅ ውሃው በቀነሰ ነጭ ጓሽ በደረቅ ብሩሽ ሸካራ አድርጋችሁ ከላይ ወደ ታች ሳቡበት።

ለመነሻ

ምንም ለሌለው ሰው፦ አንድ 2ቢ እርሳስ፣ አንድ እስክሪብቶ፣ የሚታሽ ላጲስና 120 ግራም ያህል ወረቀት ያለው ኤ5 ደብተር። በዚህ ብቻ ብዙ ወር መሥራት ይቻላል፣ ከዚያ በፊት ቀለም መግዛትም አያስፈልግም። ቀጥሎ 0.3 ፒግመንት ፋይንላይነር። ከዚያ ሰባቱ ቀለሞችና 300 ግራም ወረቀት።

የሩቅ ማያ መነጽር (ባይኖኩላር) ካላችሁ 8 በ42፣ ማለትም ስምንት እጥፍ የሚያቀርብና የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊሜትር የሆነው፣ ይበቃል፤ አጠቃቀሙ ግን አሥር ሰከንድ አይቶ፣ አውርዶ፣ ያስታወሱትን መሳል ነው። በአንድ እጅ ይዞ በሌላው መሳል አንዱንም አያሳካም። የውሃ ቀለም የሚሠራ ሰው ሁለቱም እጁ ነጻ መሆን ስላለበት በሦስት እግር ላይ የሚቆም፣ መመልከቻው ወደ ላይ የታጠፈ ቴሌስኮፕ ከማንም በላይ ይጠቅመዋል።

በክረምት ምርጫው ይገለበጣል። ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ የውሃ ቀለሙ ለአንድ ዙር ሩብ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፣ ደብተሩን ከድኖ መሄድም አይቻልም። እስክሪብቶው እርጥብ ወረቀት ላይ ይዘላል። 2ቢ ይሠራል፤ ወረቀቱ ስለለሰለሰ ግን የሾለ ጫፍ ይቧጥጠዋል፣ ስለዚህ ጫፉን አዶልድሙና በጎኑ ሥሩ።